በየቅዳሜው አሥራ ሁለት ቃል

ካርዶቹን የምቆርጠው ዓመቱ ካለፈበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነበር። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ጀርባው ባዶ ነው፤ ቀለም አይሰርግበትም። አንዱን ወር በማስመሪያ ለአሥራ ሁለት እኩል ቦታ እከፍለዋለሁ። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ከላይ የእንግሊዝኛውን ቃል፣ መሃል ላይ የአማርኛ ፍቺውን፣ ከታች ደግሞ ቃሉ የሚገባበትን አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ዓረፍተ ነገሩን የምሠራው እኔው ነኝ። በዚያ እኮራ ነበር።

ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር የሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ነው። ናይሮቢ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ሳይበር ቤት፣ ማለትም የኢንተርኔት ቤት፣ ተቀጥሬ የሰዎችን ደብዳቤና ማመልከቻ እተይብ ነበር። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሰው የለም። ዘጠነኛ ክፍልን ሳልጨርስ ነው ከአገር የወጣሁት። ናይሮቢ በገባሁ በሳምንቱ፣ መሃል ከተማ አስፋልት ዳር መጽሐፍ ዘርግተው ከሚሸጡት አንድ መዝገበ ቃላት ገዛሁ። የመጀመሪያዎቹ አሥራ አራት ገጾች ተገንጥለዋል። ከአሥራ አምስተኛው ገጽ ጀምሬ በሦስት ዓመት ውስጥ ጨረስኩት፤ ከዚያ እንደገና ከአሥራ አምስተኛው ጀመርኩ። ደብዳቤ የሚያስተይቡኝ ያገር ሰዎች ይህን አይተው ነው «ለምን አታስተምረንም?» ያሉኝ።

ቦታውን የሰጡን ሁርሊንግሃም ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው ኤርትራዊት እናት ናቸው። ሁላችንም አደይ እንላቸዋለን። አማርኛቸውን አስመራ ተማሪ ቤት ነው የለመዱት፤ ከኛ ይልቅ ጥንቅቅ ያለ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ የምሳ ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት፣ የቢራና የለስላሳ ሳጥን በሚደረደርበት የኋላ ክፍል እንሰበሰብ ነበር። ወንበራችንም ጠረጴዛችንም ሳጥን ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ አደይ በበሩ ብቅ ብለው፦

«ዛሬስ ስንት ቃል አረዳችሁ?» ይሉናል።

«አሥራ ሁለት፣ አደይ።»

«ነፍስ ይማር።»

ተማሪዎቼ ስድስት ነበሩ፤ ሁሉም ይበልጡኛል። እዚህ የማወራው ስለ ሁለቱ ነው። አንደኛው አገር ቤት የጭነት መኪና ሹፌር የነበሩ፣ ሃምሳውን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሁለተኛዋ አርባ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ሩንዳ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቤት ልብስ እየተኮሰች ሴት ልጇን የምታሳድግ ሴት ናት። እሷን እትዬ እላታለሁ።

ፈተናው እንዲህ ነው። ተማሪው ይነሳና ቃሉን ይጠራል፤ ፍቺውን ይናገራል፤ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን እኔ እንደጻፍኩት ይለዋል። ትንሿን ቃል እንኳ የጣለ ግማሽ ነጥብ ይቀነስበታል። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለራሴ ስማር ያጠበቅሁትን ለሌላው ማላላት ማጭበርበር ይመስለኝ ነበር።

«ለዚች ለ‹ዘ› ብለህ ግማሽ ነጥብ ከምትቀማኝ መንጃ ፈቃዴን ውሰደው!» አሉ ጋሼ አንድ ቀን፤ ክፍሉ ሳቀ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን «ዘ»ን አልጣሏትም። ከዚያ በኋላም አንድ ጊዜም አልጣሏትም።

እነሱን ይህ ሕግ ለምን እንዳልከበዳቸው የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሁለቱም ፊደል የቆጠሩት በየኔታ እግር ሥር ነው። ዳዊት ሲደገም አንድ ቃል የሳተ ይቆነጠጣል፤ በራሱ ቃል ያለው ደግሞ ከመቆንጠጥ የባሰ ይጠብቀዋል። የመምህር ቃል አይቀነስም፣ አይጨመርበትም። እኔም ያደግሁት በዚሁ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሮቼን ሲደግሙልኝ ያከበሩኝ መሰለኝ፤ በርግጥም አክብረውኛል።

ሁለቱም ወደኔ የመጡት ለአንድ ጉዳይ ነበር። የስደተኛ ወረቀት ጠይቀው የቃለ መጠይቅ ቀን ይጠብቃሉ። የስደተኞች ጉዳይ ቢሮው ታሪካቸውን ካመነ ወረቀቱ ይሰጣቸዋል፤ ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆማቸው የሚያሳዩት ይኖራቸዋል። ካላመነ ወደሸሹት ቦታ ሊመለሱ ይችላሉ። ቢሮው አስተርጓሚ ያቀርባል፤ እንግሊዝኛ ግዴታ አይደለም። ጋሼ እንግሊዝኛ የፈለጉት ለክብራቸው ነው። «ሠላሳ ዓመት መሪ ይዤ ሌላ ሰው አይነዳኝም» ይላሉ። የእትዬ ምክንያት ሌላ ነበር።

«አስተርጓሚ ይሰጡሻል እኮ፣ እትዬ» አልኳት አንድ ቅዳሜ፣ ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ።

«አውቃለሁ። ማን እንደሆነም አውቃለሁ።»

«መጥፎ ሰው ነው?»

«ኧረ ደግ ሰው ነው። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እንሳሳማለን። የልጄን ራስ እየዳበሰ ‹አደግሽ› ይላታል።» ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እሱ በሰማ በሳምንቱ እሁድ እንዴት ብዬ ነው የምስመው?»

ምን እንደሚሰማ አልጠየቅኳትም። እሷም አልነገረችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በየሳምንቱ አንድ ሁለት ቃል ታዝዘኝ ነበር። እኔም ለብቻዋ እንዳይመስልባት ቃሉን ከሳምንቱ አሥራ ሁለት ውስጥ አስገባውና ለሁሉም አስተምረዋለሁ። ምድር ቤት። መቀርቀሪያ። እርጥብ። ዘብ። «ሰውን ያለ ፈቃዱ መያዝ ምን ይባላል?» አለችኝ አንድ ቀን፤ ቃሉን ነገርኳት። በሌላ ሳምንት «ሽታው የማይለቅ ነገር» አለችኝ፤ ለዚያ አንድ ቃል አላገኘሁም፤ ሁለት ቃል አገጣጥሜ ሰጠኋት። ካርዶቹን ቤቴ ስጽፍ ቃላቱ እየተጠጋጉ አንድ ክፍል ይሠሩብኝ ጀመር፤ ደረጃ ያለው፣ መስኮት የሌለው። ብዕሬን አስቀምጬ ውሃ የጠጣሁባቸው ቀኖች አሉ።

ከነዚያ ሳምንታት በአንዱ «መናገር ያልቻለ ሰው ምን ይባላል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሳይለንት» ብዬ ጻፍኩላት፤ ዝም ያለ ማለት ነው። ከሥሩም ዓረፍተ ነገር ሠራሁለት፤ በአማርኛ ስመልሰው «ለሕይወቴ ስለፈራሁ ዝም አልኩ» የሚል። ብዙ ደከምኩበት። ሦስቴ ሰርዤ ነው የጻፍኩት። ቅዳሜ ዕለት ስድስቱም በቃላቸው አሉልኝ፤ ስድስቱም ሙሉ ነጥብ አገኙ።

የጋሼ ቀጠሮ ቀደመ። በማግስቱ ሳይበር ቤት ድረስ መጥተው፣ ደንበኛ መሃል ቆመው አበሰሩኝ።

«አስተርጓሚውን ‹አንተ ቁጭ ብለህ ሻይህን ጠጣ› አልኩት! ሁሉንም አልኩላቸው። ‹ያየኸውን ለምን ለማንም አልተናገርክም?› አለችኝ ጠያቂዋ። ያንን የዝምታውን ለቀቅኩባት። አንድም ቃል አልጣልኩም!»

አገር ቤት ሳሉ በመኪናቸው ያልፈለጉትን ጭነት በግድ ሲያስጭኗቸው፣ ማየት የሌለባቸውን አይተው ነበር። ለሳቸው ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው። ፈርተው ነው ዝም ያሉት። ደስ ብሎኝ ጨበጥኳቸው።

እትዬ ለቃለ መጠይቁ የገባችው ከሳቸው በስምንተኛው ቀን ነው። በዚያው ዕለት፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሳይበር ቤት መጣች። ለቢሮው የለበሰችውን ልብስ አልቀየረችም። ከኮምፒዩተሬ አጠገብ ካለው የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«‹ማን አስተማረሽ?› አለችኝ» አለች።

«ማን?»

«ጠያቂዋ። የመጀመሪያውን ስላት ጻፈች። ሁለተኛውን ስላት ጻፈች። ያንን የዝምታውን ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ‹ይህን ዓረፍተ ነገር ባለፈው ሳምንት ከሌላ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ ቃል በቃል፤ ማን አስተማረሽ?› አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።»

«ምን አልሻት?»

«ምን እላለሁ? ካርድ የለኝ ለዚያ።»

ሌላ ቀጠሮ ሰጥተዋታል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ። ታሪኩ የሷ መሆኑን እንደገና ሊጠይቋት። ከኋላዬ አንድ ኬንያዊ ደንበኛ ፎቶ ኮፒ ፈልጎ ቆሞ ነበር፤ እንባዋን አይቶ «ፖሌ፣ ማማ» ብሏት ወረቀቱን ሳያስገለብጥ ወጣ። አይዞሽ እንደማለት ነው። እኔ ያንን እንኳ አላልኳትም። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ነው፦ ያ «ሌላ ሰው» ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ቅዳሜ ጋሼ ከሁሉም ቀድመው መጡ።

«ጠሩኝ!» አሉ ሳጥን ላይ ሳይቀመጡ። «ማክሰኞ ድጋሚ ና ብለውኛል። ወደውኛል ማለት ነው።»

እትዬ ከጥግ ሆና አየችኝ። ሌሎቹ አጨበጨቡ። ጋሼ እጃቸውን አነሱና ለማክሰኞ ያዘጋጁትን ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ካርድ እስከ መጨረሻው፣ በመደዳ አወረዱት። አንድ ስህተት አልነበረበትም። ድምፃቸው ሳይቀር የኔን የንባብ ድምፅ ይመስል ነበር። ሲጨርሱ ሁሉም ወደኔ ዞረ፤ ነጥብ መስጠት አለብኝ።

«ሙሉ» አልኩ።

ለብቻቸው እስኪሆኑ ጠበቅኩና ማታቱ የሚባለው ሚኒባስ ታክሲ ፌርማታ ድረስ ሸኘኋቸው። አርባ ስድስት ቁጥር እስክትመጣ አሥር ደቂቃ ያህል ቆመናል። አሥር ደቂቃ ለመናገር በቂ ነው።

«ጋሼ፣ ማክሰኞ በራስዎ ቃል ቢሉት ይሻላል» አልኩ።

ሳቁ። «የራሴ ቃል የታለኝ? የራሴ ቃልማ ‹ካም፣ ጎ፣ ፔትሮል› ነው።»

«ቢሰባበርም ግድ የለም።»

«ተው እንጂ። አንተ ያን ያህል የደከምክበትን እኔ ልሰባብረው?»

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ምክንያቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ምክንያቱን ብነግራቸው ግን፣ ‹ወደውኛል› ያሉት ተጠራጥረዋቸው እንደሆነ መናገር ነው፤ ጥርጣሬውም ከኔ ካርድ እንደመጣ። ማታቱው ቆመ። ረዳቱ በሩን እየደበደበ «ታውን፣ ታውን» ይላል። ጋሼ ገቡ። በመስኮት እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ሰኞ ዕለት፣ ቀደም ብለው በሰጡኝ የጎረቤታቸው ስልክ ሁለቴ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ሦስተኛ አልደወልኩም።

ከእትዬ ጋር ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከሥራ ስትወጣ፣ እዚያው የኋላ ክፍል መገናኘት ጀመርን። አደይ ምንም አልጠየቁንም። ወንበራቸውን አምጥተው ከበሩ ውጭ ተቀመጡና መቁጠሪያቸውን ያዙ። አስተናጋጁ ለስላሳ ሊወስድ ሲመጣ «ዛሬ ሶዳ የለም፤ ለደንበኞቹ ሻይ ስጣቸው» ሲሉት ይሰማን ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ካርዶቿን ይዛ መጣች። ተቀብዬ ኪሴ ከተትኳቸው።

«ያለ ካርድ» አልኳት።

«ያለ ካርድ ድንቁርናዬ ነው የሚሰማው።»

«ይሰማ።»

ከዚያ ወደ በሩ ጀርባዋን ሰጥታ ጀመረች። የተናገረችው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ስመልሰው ይህን ይመስላል፦ «ክፍል ትንሽ። ግድግዳ ውሃ። ሰው ሁለት መጣ። አንድ ሰው በር ያዘ። እኔ ጮህኩ። ብዙ ጮህኩ። ጨርቅ አፌ ውስጥ።»

እጄ ላይ እርሳስ ነበር። ከልማዴ የተነሳ የጎደሉትን ትንንሽ ቃላት ወረቀት ጠርዝ ላይ በጭረት እየቆጠርኩ ነበር። አምስት ጭረት ደርሻለሁ። «ጨርቅ» ስትል እጄ ቆመ።

«ጮህሽ?» አልኳት በአማርኛ።

«ጮህኩ እንጂ።»

«ታዲያ ለምን ‹ዝም አልኩ› አልሻቸው?»

ጥያቄው የገረማት መሰለኝ። «አንተ እንደዚያ ብለህ ጽፈህ ነበራ» አለች።

እርሳሱን ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩት። መናገር ያልቻለ ሰው ምን ይባላል ብላ ስትጠይቀኝ ለምን አልቻለም ብዬ አልጠየቅኳትም ነበር። የምትፈልገው መታፈንን ነው፤ እኔ የሰጠኋት የሚያምር ዓረፍተ ነገር ነው። እሷም በዳዊቱ ሥርዓት፣ የመምህሯን ቃል ላለመለወጥ፣ በራሷ ላይ የደረሰውን ለወጠች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እትዬ» አልኳት።

«ቀጥዪ በለኝና ልጨርሰው» አለችኝ። «ከቆምኩ ሁለተኛ አልጀምረውም።»

ጨረሰችው። አላረምኳትም። በሚቀጥሉት ቀኖችም አላረምኳትም። የምጠይቀው ጠያቂዋ ልትጠይቅ የምትችለውን ብቻ ነበር፦ ከዚያስ? በሩ በየት በኩል ነበር? ቀን ነበር ወይስ ሌሊት? ስትመልስ በየጊዜው ቃሉ ይለያያል፤ ነገሩ ግን አይለያይም። አንድ ቀን ደረጃው ስድስት ነው አለች፤ በሌላ ቀን በዓይኗ እየቆጠረች ሰባት ነው አለችና «አዎ፣ ሰባት፤ የመጨረሻው የተሰበረ ነው» ብላ ራሷን አረመች። ካርድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም።

ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ወጥታ ወደኔ አልመጣችም፤ ስልኬን አንዴ አስጠርታ ዘጋችው፤ ደኅና ነኝ ለማለት እንደዚያ ነበር የምናደርገው። መጋቢት ላይ ረጅሙ የኬንያ ዝናብ ሲገባ ወረቀቱን አገኘች። ቅዳሜ ዕለት በላስቲክ ሸፍና አምጥታ አሳየችን። አደይ ለሁላችንም ለስላሳ ከፈቱ። ሁሉም ሲያቅፋት ጋሼ ግንባሯን ስመው «እንግዲህ ተከታዩ እኔ ነኝ» አሉ። የሳቸው መልስ ገና አልመጣም ነበር።

የመጣው ከዚያ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ፖስታውን ሳይከፍቱ ሳይበር ቤት ይዘውልኝ መጡ።

«አንተ አንብብልኝ። ፊደሉ ያንተ ነው።»

ከፈትኩት። አንድ ገጽ ነው። የመጀመሪያውን አንቀጽ ለራሴ አነበብኩና ቀና አልኩ።

«አልተቀበሉትም፣ ጋሼ።»

«ደግመህ አንብበው።»

ደግሜ አነበብኩላቸው፤ እንግሊዝኛውን፣ ከዚያ አማርኛውን። ያቀረቡት ታሪክ የራሳቸው ገጠመኝ ስለመሆኑ ቢሮው እንዳላመነበት ይላል። ይግባኝ ማለት እንደሚችሉም ይላል። ወረቀቱን ተቀብለው መስመሮቹን በጣታቸው ተከተሉ፤ የሚያውቋቸው ቃላት ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ይዘገያል።

«አንድም ቃል አልጣልኩም እኮ» አሉ። «ከፊተኛው ይልቅ የኋለኛው ነው ያማረው። የቱ ጋ ተሳሳትኩ?»

ያኔ ነገርኳቸው። እትዬ ያንኑ ዓረፍተ ነገር እንዳለች፣ ጠያቂዋ እንዳስቆመቻት፣ ሁለቱንም ለምን እንደጠሯቸው። በፌርማታው ላይ ልናገረው የነበረውን በሙሉ፣ በቅደም ተከተል።

አላቋረጡኝም። ስጨርስ «ይህን መቼ ነው ያወቅኸው?» አሉኝ።

«እርስዎ ማክሰኞ ከመግባትዎ በፊት።»

«ያን ቅዳሜ?»

«ከዚያም በፊት። ረቡዕ።»

«ሙሉ ብለህ ሰጠኸኝ እኮ።»

አንድ መልስ ነበረኝ፤ ካርድ ላይ የጻፍኩት፣ ‹ስለፈራሁ ዝም አልኩ› የሚለው፤ እሱን ደግሞ ለሳቸው ማለት አልቻልኩም።

ጋሼ ደብዳቤውን በነበረበት እጥፋት አጠፉና ፖስታው ውስጥ መለሱት። የሹፌር እጅ ነው፤ ወፍራም ነው፤ ወረቀት ሲይዝ ግን ይጠነቀቃል። ተነሱ።

«ይግባኙን ልተይብልዎ» አልኩ። «እርስዎ በአማርኛ ይንገሩኝ፤ እኔ እንደተናገሩት ብቻ...»

«አይ» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «መንገዱ ማዶ ሌላ ሳይበር አለ አይደል? እዚያ አስጽፈዋለሁ። አትቀየመኝ፣ ልጄ።»

በመስኮቱ አየኋቸው። መኪና እስኪያልፍ ጠብቀው፣ ግራና ቀኙን ሁለቴ አይተው ተሻገሩ። ቅዳሜ ስድስተኛው ሳጥን ባዶ ነበር። የሳምንቱን አሥራ ሁለት ካርድ ይዤ ነበር የሄድኩት፤ ቃሉና ፍቺው ብቻ ተጽፎባቸው፣ ከሥሩ ያለው መስመር ክፍት ሆኖ። አደይ በበሩ ብቅ አሉና አንድ ጎዶሎ መሆናችንን ቆጠሩ። የዚያን ቀን ስንት ቃል እንዳረድን አልጠየቁንም።